ስድስት ሽልንግ ያስነሣው ክርክር
የማኒንግሃም የራግቢ ቡድን የ1895–96 የውድድር ዘመን

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሚደረግ ግጥሚያ ሲል ቅዳሜ ጠዋት ከፋብሪካ የቀረ ወዛደር፣ ያጣውን የግማሽ ቀን ደመወዝ ማን ይክፈለው? ጥያቄው ሲሰሙት አንድ ሒሳብ ሹም በአምስት ደቂቃ የሚቋጨው ተራ ጉዳይ ይመስላል። ይሁንና በሰሜን እንግሊዝ ይኸው ጥያቄ ዓመታት ሲያወዛግብ ቆይቶ በመጨረሻ አንድ የነበረውን የራግቢ ስፖርት ለሁለት ከፈለው። ከተከፈለበት ቀን አንሥቶ ሁለቱ ወገኖች ተመልሰው አንድ ሆነው አያውቁም።

የመለያየቱን ታሪክ ከሥር እስከ ጫፍ መዘርዘር በአንድ የጋዜጣ ገጽ የሚቻል አይደለም። እዚህ ላይ የምናተኩረው ከመለያየቱ በኋላ በተካሄደው የመጀመሪያ የውድድር ዘመንና በዚያ ባሸነፈው ቡድን ላይ ነው። ይህ ቡድን ብራድፎርድ ከምትባለው የሱፍ ከተማ የተነሣው ማኒንግሃም ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ላላዩ አንባቢያን ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የራግቢ ኳስ እንደ እንቁላል ሞላላ ናት። ተጫዋቹ ኳሷን በእጁ አቅፎ ይሮጣል፤ ወደ ፊት መወርወር ግን ክልክል በመሆኑ ለጓደኛው የሚያቀብለው ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው። ተቃራኒው ተጫዋች ባለኳሱን አንቆ ወይም ጠልፎ ሳይሆን ታግሎ መጣል ይፈቀድለታል። ኳሷን ከተቃራኒው ወገን መሥመር ባሻገር መሬት ያስነካ ነጥብ ያገኛል፤ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ከአግዳሚው በላይ ለግቶ ያሳለፈም እንዲሁ። በጊዜው በእያንዳንዱ ወገን 15 ሰዎች ይሰለፉ ነበር። ትከሻ፣ ደረትና ትንፋሽ የሚጠይቅ ጨዋታ በመሆኑ ሳምንቱን ሙሉ ከከሰል ድንጋይና ከብረት ጋር ሲታገል የሚሰነብተው የሰሜን እንግሊዝ ሠራተኛ ባሕርዩ አድርጎት ነበር።

ነገር ግን የጨዋታው ባለቤቶች ነን የሚሉት ሌሎች ነበሩ። የራግቢ ማኅበር በለንደን በ1871 ሲቋቋም መሥራቾቹ በታወቁት የመኳንንትና የከበርቴ ልጆች ትምህርት ቤቶች ያደጉ ሰዎች ነበሩ። ለእነዚህ ሰዎች ጨዋታ ማለት የዕረፍት ጊዜ ደስታ ነው። ቅዳሜም ሆነ ሰኞ ለእነርሱ ያው ነበርና ኳስ በመጫወቱ እንጀራ የሚቀርበት ሰው መኖሩ አይታያቸውም ነበር።

ቅዳሜ የተገኘው በሕግ ነው

የሠራተኛው ኳስ የተወለደው ከፋብሪካ ሕግ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1850 የወጣው የእንግሊዝ የፋብሪካ ሕግ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ሴቶችንና ወጣቶችን ማሠራት እንዳይችሉ ደነገገ። ፋብሪካው ያለ እነርሱ ስለማይንቀሳቀስ ወንዱም አብሮ ወጣ። በዚህ ምክንያት በዮርክሻየርና በላንክሻየር አውራጃዎች በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ ሰዓት ከሥራ ተፈትቶ ወደ ሜዳ መትመም ጀመረ። ሜዳዎቹ ታጠሩ፤ በር ተሠራ፤ የመግቢያ ዋጋ ተቆረጠ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከረረው። ከበሩ የሚገባው ገንዘብ ለሜዳው፣ ለባቡሩ፣ ለኮሚቴው ግብዣ ሳይቀር ይውላል፤ ተመልካቹ ሊያየው የመጣው ተጫዋች ግን በሕጉ መሠረት አንዲት ሳንቲም መቀበል አይፈቀድለትም። ሆኖም በስውር መከፈሉ አልቀረም። ለአንዱ ሰዓት በስጦታ ይሰጠዋል፤ ለሌላው የበግ ሙዳ ወደ ቤቱ ይላክለታል፤ ዝናው የገነነው ደግሞ መጠጥ ቤት እንዲያስተዳድር ይደረጋል። ይህ ሽሽግ አሠራር ተቀባዩንም ሰጪውንም ሐሰተኛ ከማድረግ በቀር ለማንም የረባ ጥቅም አልነበረውም።

ዱላው የሚያርፈው ግን ሁልጊዜ በአንድ ወገን ላይ ነበር። በ1888 ወደ አውስትራሊያና ወደ ኒው ዚላንድ ለሚጓዘው የእንግሊዞች ቡድን የተመረጠ ክላውስ የተባለ የሃሊፋክስ ተጫዋች ለጉዞ ልብስ መግዣ 15 ፓውንድ ተቀብለሃል ተብሎ «ፕሮፌሽናል» ተብሎ ተወገዘ። ውሳኔው ሲሰጥ መርከቡ ቀድሞ ተነሥቶ ነበርና ሰውዬው ግማሹን ዓለም ዞሮ አንድ ግጥሚያ ሳይሰለፍ ተመለሰ። በዮርክሻየር ውስጥም ቄስ ፍራንክ ማርሻል የተባሉ የሀደርስፊልድ አካባቢ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ገንዘብ ከፍለዋል የሚባሉትን ክለቦች እየተከታተሉ በመክሰስ ስማቸው የታወቀ ሆኖ ነበር።

የለንደኖቹ ፍርሃት ግን ከገንዘብ የዘለለ መሠረት ነበረው። በእግር ኳስ የሆነውን አይተዋል። በ1883 ከሸማኔዎችና ከመሰል የእጅ ሙያተኞች የተውጣጣው የብላክበርን ኦሊምፒክ ቡድን የኢተን ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎችን በእንግሊዝ ዋንጫ ፍጻሜ 2 ለ1 አሸነፈ፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ የመኳንንት ቡድን ዋንጫውን አላገኘም። የእግር ኳሱ ማኅበር በ1885 ለተጫዋች መክፈልን ፈቀደ። በራግቢም በኩል ከ1889 እስከ 1896 በተካሄደው የአውራጃዎች ሻምፒዮና ላንክሻየር ከወሰደው ከ1891ዱ በስተቀር ሁሉንም ያሸነፈው ዮርክሻየር ነበር። ሠራተኛው ሳይከፈለው ይህን ያህል ካሸነፈ፣ ቢከፈለውስ ምን ሊያደርግ ነው? ይህ ጥያቄ በግልጽ ባይነገርም በብዙዎች ልብ ውስጥ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

282 ለ136

የዮርክሻየር ተወካዮች በሴፕቴምበር 20 ቀን 1893 ለንደን በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ያቀረቡት ሐሳብ በጣም ልከኛ ነበር። ደመወዝ አልጠየቁም። ተጫዋቹ በግጥሚያ ምክንያት በእውነት ያጣው የሥራ ጊዜ ብቻ እንዲካስ ነበር የጠየቁት። ሐሳቡን ያቀረቡት ጄምስ ሚለር ሲሆኑ፣ የተቃውሞው መሪ ደግሞ የማኅበሩ ዋና ጸሐፊ ሮውላንድ ሂል ነበሩ። ሰሜኖቹ በልዩ ባቡር ተጭነው ቢመጡም፣ ተቃዋሚዎቹ ሊመጡ ካልቻሉ ክለቦች የሰበሰቡትን የውክልና ድምፅ ይዘው ጠበቋቸው። ውጤቱ 282 ለ136 ሆነ፤ ሐሳቡም ወደቀ።

ጉባኤው የተደረገበትን ወቅት ማሰብ ይገባል። በዚያ በጋና መጸው የእንግሊዝ የከሰል ድንጋይ ማዕድን ባለቤቶች ደመወዝ እንቀንሳለን ብለው፣ ያልተቀበለውን ሠራተኛ ከሥራ ዘግተውበት ነበር። ከጉባኤው 13 ቀን በፊት በዮርክሻየር ውስጥ ፌዘርስቶን በተባለች የማዕድን ከተማ ወታደሮች በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኩሰው ሁለት ሰዎች ሞተዋል። እንዲህ ካለ አገር የመጡ ሰዎች «ጨዋታ በገንዘብ አይለካም» የሚል ስብከት በለንደን ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሲሰሙ ምን እንደተሰማቸው አንባቢ ራሱ ይፍረደው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አልፈጀም። በኦገስት 29 ቀን 1895 የሰሜን ክለቦች ተወካዮች በሀደርስፊልድ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለው ጆርጅ ሆቴል ተሰብስበው ከለንደኑ ማኅበር በመልቀቅ «የሰሜን ኅብረት» የተባለውን አዲስ ማኅበር መሠረቱ። ይህ ኅብረት ነው በ1922 «የራግቢ ፉትቦል ሊግ» የሚለውን ስም የያዘው። ያወጡት ዋጋ በቀን ከ6 ሽልንግ የማይበልጥ ካሳ ነበር። በጊዜው አንድ ተራ የቀን ሠራተኛ በሳምንት የሚያገኘው ወደ 1 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 20 ሽልንግ እንደነበር ስናስብ፣ 6 ሽልንጉ ሰው የሚያበለጽግ ሳይሆን ቤተሰብ ጦሙን እንዳያድር የሚያደርግ ገንዘብ ነው።

የማኒንግሃም ሰዎች

ማኒንግሃም የብራድፎርድ አንድ ሠፈር ነው። ብራድፎርድ ራሷም በዚያን ጊዜ የሲቲነት ማዕረግ አልነበራትም፤ ማዕረጉ የተሰጣት በ1897 ነው። በሠፈሩ አናት ላይ የሊስተር የሐርና የከፋይ ፋብሪካ ቆሞ ነበር። የጭስ መውጫው ቁመት 249 ጫማ፣ ማለትም 76 ሜትር ያህል ሲሆን ከከተማዋ ከየትም ይታያል። በዲሴምበር 1890 የፋብሪካው አስተዳደር ብርቱ የደመወዝ ቅነሳ ማስታወቂያ ለጠፈ። አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ወደ 5,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ ክረምቱን ሙሉ 19 ሳምንታት ታገሡ። ስብሰባ ተከለከለ፤ ወታደር ተጠራ፤ በመጨረሻም ረኀቡ አሸንፏቸው በተቀነሰው ደመወዝ ተመለሱ። ይሁን እንጂ ከዚያ ሽንፈት የወጣው የፖለቲካ እንቅስቃሴ በጃንዋሪ 1893 በዚያችው በብራድፎርድ የነፃው የሠራተኞች ፓርቲ እንዲመሠረት ምክንያት ሆኗል።

ቡድኑ የተቋቋመው በ1880 ሲሆን ከ1886 ጀምሮ ቫሊ ፓሬድ በተባለው፣ ከኮረብታው ጎን ተቆርጦ በተደለደለ ሜዳ ይጫወት ነበር። መለያው የወይን ጠጅ ቀለምና ቢጫ ነው፤ በአቅራቢያው ካለው የቤል ቪው የጦር ሰፈር ወታደሮች የተወሰደ ቀለም ነው የሚል ወግ በከተማው ይነገራል። ማኒንግሃም በብራድፎርድ ውስጥ ታላቅ ወንድም ነበረበት። ፓርክ አቬኑ በተባለው ሜዳ የሚጫወተው የብራድፎርድ ክለብ ገንዘብም፣ ዝናም፣ ታላላቅ ሰዎችም ነበሩት። ስለዚህ ኅብረቱ የመጀመሪያ ውድድሩን ሲጀምር ዐይን ሁሉ ያረፈው በማኒንግሃም ላይ ነበር ማለት አይቻልም።

ውድድሩ የተጀመረው ሴፕቴምበር 7 ቀን 1895፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 3 ቀን 1887 ዓ.ም. ነው። በአገራችን የዓድዋ ዘመቻ ዐዋጅ ሊታወጅ ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር፤ ዓድዋ ላይ ድሉ ሲገኝም የእነዚህ ሰዎች ውድድር ገና አላለቀም ነበር። የተሰለፉት ክለቦች 22 ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ሌላውን በሜዳውና ከሜዳው ውጪ ሁለት ሁለት ጊዜ ስለሚገጥም ለአንድ ቡድን 42 ግጥሚያ ይደርሰዋል።

ይህን ቁጥር በሠራተኛ ዐይን እንየው። ከምሥራቁ የሃል ወደብ እስከ ምዕራቡ ዊድነስ ድረስ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሃል ጫኝና አውራጅ ወደ ዊድነስ ሊጫወት ሲሄድ ቅዳሜ ማለዳ ባቡር ላይ መሆን አለበት። የዊጋንና የሊ ተጫዋች ከጉድጓድ ወጥቶ ይመጣል፤ የሴንት ሄለንሱ ከመስታወት እቶን፣ የዊድነሱ ከኬሚካል ፋብሪካ፣ የዋሪንግተኑ ከሽቦ ፋብሪካ። በሳምንቱ ውስጥ በሰውነቱ ሠርቶ ያደረው ሰው ቅዳሜ በዚያው ሰውነቱ ይጋጠማል። ቢሰበርስ? ሰኞ ጠዋት የፋብሪካው በር ሲከፈት የተሰበረ ትከሻ ደመወዝ አያስገኝም፤ 6 ሽልንጉም ላጣው ቀን እንጂ ለሚመጣው ወር አይደለም። እነዚህን ሰዎች «ፕሮፌሽናል» ብሎ መክሰስ ለዚህ ጸሐፊ የቋንቋ ብልግና ሆኖ ይታየዋል።

ማኒንግሃም ከ42ቱ ግጥሚያዎች 33ቱን አሸንፎ በ9ኙ ተሸነፈ፤ አንድም ጊዜ በእኩል አልወጣም። በድል 2 ነጥብ ተቆጥሮ 66 ነጥብ አገኘ። ከኋላው የተከተለው የሃሊፋክስ ቡድን ነው። ሃሊፋክስ ያሸነፈው 30 ጊዜ ብቻ ቢሆንም የተሸነፈው ግን ከማኒንግሃም አንሶ 7 ጊዜ ነበር፤ 5 ጊዜ በእኩል ስለወጣ ነጥቡ 65 ደረሰ። እንግዲህ ከስምንት ወር ገደማ ሩጫ በኋላ ሁለቱን የለያቸው አንዲት ነጥብ ናት። ከሃሊፋክስ እኩል መውጫዎች አንዲቷ ብቻ ወደ ድል ተለውጣ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለቱ ቡድኖች በነጥብ እኩል ይሆኑ ነበር።

ከማኒንግሃም ሰዎች መካከል በነጥብ አግቢነት ስሙ የቀረው ጆርጅ ሎሪመር ነው። የኋላ ተከላካይ ሆኖ እየተሰለፈ በዚያ የውድድር ዘመን 106 ነጥብ አስገብቷል። ሎሪመር ዝናውን ብዙ አልኖረበትም። በፌብሩዋሪ 1897፣ ከድሉ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በታይፎይድ ትኩሳት ሞተ። የዚያ ዘመን የፋብሪካ ከተሞች ሕዝብ ከጉዳት ይልቅ በውሃና በትኩሳት ያልቅ ነበርና የሻምፒዮኑ ቡድን ኮከብም ከጎረቤቶቹ የተለየ ዕጣ አልገጠመውም።

ኅብረቱም የራሱ ሰንሰለት ነበረው

ስለ ኅብረቱ ደጉን ብቻ መጻፍ ተገቢ አይሆንም። በመጀመሪያ፣ 22 ክለቦች ከዳር እስከ ዳር የሚጓዙበት ውድድር ከአንድ ዓመት በላይ አልጸናም። የባቡሩ ወጪና የካሳው ክፍያ ተደምረው ስለከበዱ በተከታዩ ዓመት ውድድሩ ዮርክሻየርና ላንክሻየር ተብሎ ተከፈለ። ከጎረቤት ጋር የሚደረግ ግጥሚያ ተመልካችም ይስባል፤ ወጪም ይቀንሳል።

ከዚህ የሚብሰው ግን «የሥራ ደንብ» የተባለው ነው። ኅብረቱ በ1898 ለተጫዋች በግልጽ መክፈልን ሲፈቅድ፣ ተጫዋቹ የታወቀ መደበኛ ሥራ እንዲኖረው ግዴታ ጣለበት። በቢሊያርድ ቤት ነጥብ የሚቆጥር፣ በመጠጥ ቤት የሚያስተናግድ ወይም በክለቡ የተቀጠረ ሰው እንደ ሠራተኛ አይቆጠርም። በሳምንቱ ውስጥ ከሥራ የቀረ ሰው ቅዳሜ ሊታገድ ይችላል። በሌላ አነጋገር ፋብሪካው ሥራ ሲያጣ ሠራተኛው ደመወዙንም ጨዋታውንም በአንድነት ያጣል ማለት ነው። ትናንት የሠራተኛውን ጊዜ ለማስከበር የተነሡት ሰዎች ዛሬ የሥራ ተቆጣጣሪ ሆነው ቁጭ አሉ። ደንቡ የተሻረው በ1905 ነው። ጨዋታውንም ቢሆን እየለዋወጡት ሄዱ፤ በ1906 ተጫዋቾቹ ከ15 ወደ 13 ተቀንሰው ራግቢ ሊግ የዛሬውን መልኩን መያዝ ጀመረ።

የለንደኑ ወገንም ቢሆን ሳይከፍል አልቀረም። የሰሜኑን ትከሻ ያጣው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን በ1892 ያገኘውን የብሪታንያ ሕዝቦች ሻምፒዮና እንደገና ለብቻው የወሰደው ከ18 ዓመት በኋላ በ1910 ነው።

ማኒንግሃምስ? ሻምፒዮንነቱ አላዘለቀውም። ገቢው እየሳሳ፣ ዕዳው እየከበደ ሄዶ በ1903 ኮሚቴው ገንዘብ ለማሰባሰብ የቀስት ውርወራ ውድድር እስከ ማዘጋጀት ደረሰ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር አባላቱ ተሰብስበው ራግቢን ትተው እግር ኳስ ለመጫወት 75 ለ34 በሆነ ድምፅ ወሰኑ። ብራድፎርድ ሲቲ የተባለው የእግር ኳስ ክለብ የተወለደው እንዲህ ነው። ሜዳውም መለያውም የማኒንግሃም ነው። አዲሱ ክለብ ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ1911፣ ኒውካስልን 1 ለ0 አሸንፎ የእንግሊዝን ዋንጫ ወሰደ። የፓርክ አቬኑው ታላቅ ወንድምም በ1907 ወደ እግር ኳስ ሲሄድ፣ ራግቢውን አንተውም ያሉት አባላት ብራድፎርድ ኖርዘርን የተባለውን ክለብ አቋቋሙ፤ የዛሬው ብራድፎርድ ቡልስ የዚያ ተተኪ ነው።

ለእኛ አገር አንባቢ የፋብሪካ ሠራተኛ ሻምፒዮን መሆኑ እንግዳ ነገር አይደለም። የድሬዳዋው የጥጥ ማኅበር ቡድን በ1950ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያን የእግር ኳስ ሻምፒዮና ደጋግሞ ሲወስድ ስሙን ያገኘው ከፋብሪካው ነበር።

በለንደን በ1893 የወደቀው ሐሳብ በሌላኛው ወገን ተቀባይነት ያገኘው 102 ዓመት ቆይቶ ነው። የዓለም አቀፉ የራግቢ ዩኒየን ቦርድ በኦገስት 1995 መጨረሻ ፓሪስ ላይ ተሰብስቦ ለተጫዋች መክፈልን ፈቀደ። የጆርጅ ሆቴሉ ስብሰባ መቶኛ ዓመት ሊሞላው የቀረው ጥቂት ቀን ብቻ ነበር። የራግቢ ሊግ ታላላቅ ክለቦች ዛሬ ሙሉ ደመወዝተኛ ተጫዋቾች አሏቸው። ከ22ቱ መሥራቾች መካከል እንደ ባትሊና ሀንስሌት ያሉት ግን አሁንም በግማሽ ፕሮፌሽናልነት ነው የሚጫወቱት። ሰዎቻቸው ቀን በየሥራቸው ይውላሉ፤ ልምምዳቸውም ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ ማታ፣ በመብራት ነው።